«ፋይሌ ዲ ላይ ስለሆነ ችግር የለውም» ላልሽኝ እህቴ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ያለኝ ላፕቶፕ አንድ ብቻ ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ፣ 6ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ወደ 11 ላሳድገው ስል «ማሽንሽ አይችልም» ይለኛል። ደንበኞች በሚያመጡት ፍላሽ ቫይረስም ተማርሬያለሁ። ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልጭን ቆርጫለሁ፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። ታናሽ ወንድሜ «ካሊ ጫኚ፣ ዋናው እሱ ነው» ይላል። አንዱ ደንበኛዬ ኡቡንቱ ይላል፣ ሌላው አርች። የቱን ልምረጥ? ማታ ማታ የሁለት ሱቆችን ሂሳብ በፒችትሪ እሠራለሁ። ፋይሎቼ በሙሉ ዲ ላይ ስለሆኑ ብጭንበት ችግር የለውም አይደል?
ግራ የገባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የቱን ልምረጥ» ላልሽው መልሱ አጭር ነው፣ እመለስበታለሁ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገሽ አለፍሻት። እኔን ያስደነገጠችኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

ሲ እና ዲ ብለሽ የምታውቂያቸው ሁለት ዲስኮች አይደሉም። አንዱ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክሽ ነው፣ አንድ ክፍል ቤት በችፑድ ለሁለት እንደሚከፈለው የተከፈለ። ዊንዶውስ ሲበላሽብሽ ሠሪው ሲን ብቻ ፎርማት ያደርግና ዲን ሳይነካ ይተወዋል። «ዕቃሽን ዲ ላይ አድርጊ» የሚለው ምክር ከዚያ የመጣ ነው፤ ለዊንዶውስ ደግሞ እውነት ነው። የሊኑክስ መጫኛ ግን ሲ እና ዲ የሚባል ስም አያውቅም። እሱ የሚያየው ኤስዲኤ የሚባል አንድ ዲስክና በውስጡ ቁጥር የተሰጣቸው ክፍልፋዮችን ነው። በጭነቱ መሐል ከሚቀርቡልሽ ምርጫዎች ውስጥ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ከነካሽ ችፑዱንም፣ ሁለቱንም ክፍል፣ ዕቃውንም ጠራርጎ ነው የሚጀምረው። አንድ ጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ ከዚያ በኋላ ወሬ የለም።

ይህን የምልሽ በሰው ሲደርስ ሰምቼ አይደለም። ጥገና በምሠራበት ጊዜ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የደንበኛ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ልጭን ተቀመጥኩ። ጠንቃቃ ነኝ ብዬ የልጁን የክርስትና ፎቶዎች በሙሉ መጀመሪያ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። የላፕቶፑም የኤክስተርናሉም ዲስክ 500 ጊጋ ነበር። ኤክስተርናሉን ሳልነቅል ጭነቱን ጀመርኩ። መጫኛው ሁለት ዲስክ አሳየኝ፣ አንዱን መረጥኩ፣ አለቀ። ኤክስተርናሉን ነቅዬ ላፕቶፑን ሳስነሳው ዊንዶውሱ እንደ ድሮው ፈገግ ብሎ መጣ። «አልተጫነም ማለት ነው» አልኩና ደገምኩት። አሁን የቀረው ዲስክ አንድ ስለሆነ መሳሳት የለም። ሁለተኛው ጭነት ሰመረ። ፎቶዎቹን ልመልስ ኤክስተርናሉን ስሰካው ግን የመጀመሪያው ሊኑክስ እዚያ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ዋናውንም ግልባጩንም በአንድ ከሰዓት በገዛ እጄ ደመሰስኩ። ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም ሌሊቱን ፈልጌ ግማሽ ያህሉን አተረፍኩ፤ የተገኙትም ስማቸው የጠፋ፣ ቅደም ተከተላቸው የተዘበራረቀ ነበር። ለሰውየው ስደውል የተናገርኩትን ዛሬም አልረሳውም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከማውረድሽ በፊት ዲ ላይ ያለውን በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ገልብጪ። ከዚያ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ከየፎልደሩ ሁለት ሦስቱን ክፈቺ፣ ስማቸውን ማየት አይበቃም። ሲከፈቱ ካየሽ በኋላ ኤክስተርናሉን ነቅለሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው፤ ጭነቱ እስኪያልቅ ከላፕቶፑ ጋር እንዳይገናኝ። ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ ላይ ያሉት ሲ ላይ መሆናቸውን አትርሺ፤ «ሁሉም ዲ ላይ ነው» የሚሉኝ ሰዎች ዴስክቶፕ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የፒችትሪውን ደግሞ ፎልደሩን በመገልበጥ ብቻ አትለፊው። ፕሮግራሙን ከፍተሽ ከፋይል ሜኑ ባክ አፕ የሚለውን ለሁለቱም ሱቆች ለየብቻ አድርጊ። የሰው ሂሳብ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ወንድምሽ የሚያሞካሸው ካሊ የኔትወርክ ደህንነት ፈታሾች የመሣሪያ ሣጥን ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ሊኑክስን ለማያውቅ ሰው አንመክረውም ብለው ጽፈዋል። ልጆች የሚወዱት ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ሲሮጥ ስለሚያምር ይመስለኛል። አርች ጥሩ ነው፣ ግን ቤቱን ከመሠረቱ ራስሽ የምትገነቢበት ዓይነት ነው፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀሽ የሚሞከር አይደለም። ኡቡንቱ ላይ ክርክር የለኝም፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት፣ ስትቸገሪ መልስ የሚገኝለት ነው። እኔ ግን ለአንቺ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት ነው፣ ሲናሞን የሚባለውን። ሚንት በኡቡንቱ ላይ የተሠራ ስለሆነ ለኡቡንቱ የተጻፈው መላ አብዛኛው ይሠራለታል። ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ ስለሆነ እጅሽ የለመደውን አያጣም። 22ኛው ተከታታይ ደግሞ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የደህንነት ማሻሻያ ይደርሰዋል። ራምሽ 4 ጊጋ ቢሆን ኖሮ ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ሚንት እልሽ ነበር፤ 8 ካለሽ ሲናሞን ይበቃሻል።

ለነገሩ ማሽንሽ አልተበላሸም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ነው የመለሰሽ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ለሚሰካበት ሱቅ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ስለዚህ ሊኑክስ ማሰብሽ ትክክል ነው። ያ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ሚንት ላይ አይነሳም። የተደበቁት ፋይሎች ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ «ጠፋብኝ» ብላ የመጣችው ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እዚያው ታገኘዋለሽ። ቫይረሱ ግን ፍላሹ ላይ ስላለ ካልሰረዝሽው ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል።

ይሁንና ዊንዶውስን ጨርሰሽ አትጣይው፤ ፒችትሪ ለሊኑክስ አልተሠራም። ዋይን የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራም ማስኬጃ አለ፣ አንዳንዱን ፕሮግራም ያነሳል፣ የሌላ ሰው ሂሳብ ግን እሱ ላይ አላስይዝም። ሁለተኛው ምክንያት የጽሕፈት ሥራሽ ነው። በዎርድ የመጣ ደብዳቤ ሚንት ላይ በዎርድ ፋንታ በምትጠቀሚበት ሊብሬ ኦፊስ ላይ ሲከፈት ሠንጠረዡ ወደሚቀጥለው ገጽ ሊወርድ፣ ራስጌው ሊንሸራተት ይችላል። ማኅተም የሚያርፍበት ደብዳቤ ሁለት መስመር ከወረደ ደንበኛሽ ይመልስልሻል። ስለዚህ ሁለቱም ይኑሩሽ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማኖር ከሁሉም የምወደው መንገድ አዲስ ዲስክ መግዛት ነው። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን የዲስክ ዓይነት) ግዢና የላፕቶፑን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲው ቀይሪው፤ የ6ኛ ትውልድ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከጀርባ በጥቂት ብሎን የሚከፈቱ ናቸው፣ ካልደፈርሽ ጥገና ቤት ያደርጉልሻል። ሚንቱን ባዶው ኤስኤስዲ ላይ ጫኚ። አሮጌው ዲስክ ከነዊንዶውሱ፣ ከነዲው፣ ከነፒችትሪው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። እዚያ ሰዓት «ኢሬዝ ዲስክ» ብትነኪ እንኳ የሚጠፋ ነገር የለም፣ የሚጠፋው ነገር ማሽኑ ውስጥ የለማ! ጭነቱ ካለቀ በኋላ፣ ላፕቶፕሽ የዲቪዲ ማጫወቻ ካለው፣ ማጫወቻውን አውጥተሽ በምትኩ ካዲ በሚባል ማቀፊያ አሮጌውን ዲስክ አስገቢበት። ማሽኑን ስታስነሺ ከቡት ሜኑ አንዱን ትመርጫለሽ። ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ጉርሻ ነው፤ ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ የተሸጋገረ ሰው ማሽኑ አዲስ የሆነለት ነው የሚመስለው።

ለኤስኤስዲ አሁን እጅ ካጠረሽ አንዱን ዲስክ ማካፈል ይቻላል፣ ጥንቃቄው ግን ይበዛል። ቦታውን የምታስለቅቂው ከዊንዶውስ ውስጥ ነው፤ ዲስክ ማኔጅመንት ገብተሽ ዲን በቀኝ ጠቅ፣ ሽሪንክ ቮልዩም፣ 60 ጊጋ ያህል ባዶ ተዪ። ሲ ላይ የቁልፍ ምልክት ካየሽ ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ መቆለፊያ በርቷል ማለት ነው፤ ባለ 48 አኃዙን የማስከፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ሳትገለብጪ ወደ ፊት አትራመጂ። ዊንዶውስን ስታጠፊ ሺፍትን ተጭነሽ ሻት ዳውን በይ። ያለበለዚያ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ይተወዋል፤ ሚንት ገብተሽ ዲ ላይ ልጻፍ ስትይ እምቢ ይልሻል። በጭነቱ ጊዜ «ሰምቲንግ ኤልስ» የሚለውን ምረጪና ባዶ ብላ የምትታየዋን 60 ጊጋ ብቻ ንኪ። ቁጥሮቹን ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው። ዊንዶውሶቹ «ኤንቲኤፍኤስ» ተብለው ተጽፈዋል፤ እነሱን የፎርማት ምልክት እንዳትነኪባቸው። ግራ ከገባሽ «ኪዊት» ብለሽ ውጪ። «ኢንስቶል» የሚለውን እስክትጫኚ ድረስ ዲስኩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

የሚንትን መጫኛ ፋይል የምታወርጂው ከራሱ ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ነው፣ 3 ጊጋ ገደማ ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝተሽ ብታወርጂው ይረክሳል። በቴሌግራም ቻናል «ሚንት በነጻ» እያለ የሚበተነውን አትንኪ፣ ድሮውንም ነጻ ነው። ከወረደ በኋላ አሻራውን አመሳክሪ። ድረ ገጹ ላይ ከፋይሉ ስም ፊት ባለ 64 ፊደል ቁጥር ተጽፏል፤ ሰቨን ዚፕ ካለሽ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገሽ ኤስኤችኤ 256 የሚለውን አስቆጥሪውና አስተያዪው። አንዲት ፊደል ከተለየች ጣይው። ይህ የፈሪ ሥራ አይደለም። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የራሱን የሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የገቡ ሰዎች የማውረጃውን ሊንክ ስውር በር ወደተገጠመለት ፋይል አዙረውት ነበር። ሚንቶች ወዲያው ትክክለኛውን ቁጥር አውጥተው «አስተያዩ» አሉ። በእኛ አገር ደግሞ ከሌባው ይልቅ ኔትወርኩ ነው ፋይሉን የሚቆርጠው።

ወደ ፍላሽ የምትጽፊው ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ነው። ዝም ብሎ ኮፒ ፔስት አይሠራም፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሸወዳል። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፤ ላዩ ላይ ያለው ነገር በሙሉ ስለሚጠፋ የደንበኛ ፍላሽ እንዳይሆን። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጡት «64 ጊጋ» ተብሎ ተጽፎባቸው ውስጣቸው እፍኝ የማይሞላ አሉ። ኤቸር ጽፎ ሲጨርስ ራሱ መልሶ ስለሚያነብ ፍላሹ ፋይሉን በትክክል ካልያዘው ያጋልጥልሻል።

ፍላሹን ሰክተሽ ማሽኑን ስታስነሺ የቡት ቁልፉን ደጋግመሽ ምቺ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይነሳል። የሊኑክስ ትልቁ ደግነት ይህ ነው፣ ሳትገዢ ትለኪዋለሽ። ታዲያ ለአምስት ደቂቃ አይተሽ «ያምራል» ብለሽ ወደ ጭነቱ አትሩጪ። አንድ እሑድ ሙሉ ተቀመጪበት። ዋይፋይ ይይዛል? ድምፅ አለ? ክዳኑን ዘግተሽ ስትከፍቺው ይነቃል? ፕሪንተርሽን ስኪ። ኤችፒዎች ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቁ ይሠራሉ፤ ሱቅ ሁሉ ያለችው ትንሿ ካኖን ግን ሾፌሩን ከካኖን ድረ ገጽ ማውረድ ይፈልግ ይሆናል። የደንበኛ ዎርድ ፋይል ክፈቺና አትሚ፤ ከዊንዶውሱ ህትመት ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ እዪው። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልክሽን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሪ፤ ወዲያው ኢንተርኔት ይመጣል፣ ከዚያ ድራይቨር ማኔጀር የጎደለውን ይፈልጋል። ከፍላሽ ሲነሳ ስለሚንቀራፈፍ ፍጥነቱን በዚህ አትፍረጂ። መጫኛው ዲስክሽን ጭራሽ ካላየው ባዮስ (የማሽኑ የመነሻ ቅንብር) ውስጥ ሬይድ የሚለው የዲስክ ምርጫ በርቶ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ብቻሽን አትነካኪው፣ ዊንዶውሱ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።

የጭነቱ ቀን ባትሪው ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ባትሪሽ እንደ ብዙዎቻችን 10 ደቂቃ የማይቆም ከሆነ መብራት በማይሄድበት ሰዓት አድርጊው፣ ሰፈርሽን አንቺ ታውቂዋለሽ። ክፍልፋዩ እየተቀየረ እያለ መብራት ከሄደ የሚተርፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ግልባጭ ነው።

አማርኛውን አልረሳሁትም። ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ አይበስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም እና ለእሱ የሚሆነውን ኤም 17 ኤን ጫኚ፣ ከግቤቶቹ ውስጥ አማርኛ ሴራ የሚለውን ምረጪ። እንደ ፓወር ግዕዝ በድምፅ ነው የሚጻፈው፤ ኤስ እና ኢ ስትመቺ ሰ፣ ኤል እና ኤ ስትመቺ ላ፣ ኤም ብቻዋን ም፣ ሰላም ወጣ። ጣትሽን የሚያደናግሩ ጥቂት ፊደላት ይኖራሉ፣ በሳምንት ትለምጃቸዋለሽ። የሚያሳስበኝ የድሮ ሰነዶችሽ ናቸው። ዩኒኮድ ባልሆኑት የድሮ ፎንቶች የተጻፉት ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ነው የሚታዩት። ፎንቶቹን ከዊንዶውስ ፎንትስ ፎልደር ገልብጠሽ ያዢ፤ ሚንት ላይ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርገሽ ትጭኛቸዋለሽ። ውልና የምስክር ወረቀት የመሰሉትን ደግሞ ዊንዶውሱ በእጅሽ እያለ ፒዲኤፍ አድርጊያቸው።

ሚንት ተጭኖ እንደተነሳ ከሁሉም በፊት ታይምሺፍትን ክፈቺና አንድ ቅጽበት አስቀምጪ። የሚያስቀምጠው ሲስተሙን ነው፣ የአንቺን ፋይሎች አይደለም፤ አንድ ነገር ነካክተሽ ካበላሸሽ ወደ ትናንቱ ይመልስሻል። ከዚያ አፕዴት ማኔጀር። ለድራይቨር የይለፍ ቃል አስይዞሽ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ቢመጣ አትደንግጪ፤ ሴኪዩር ቡት የሚባለው የማሽኑ የመነሻ ጥበቃ «ይህን ድራይቨር አንቺ ነሽ የፈቀድሽው?» እያለ ነው። ያንኑ የይለፍ ቃል ስጪው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳያናድድሽ በፊት ልንገርሽ። ወደ ዊንዶውስ ስትመለሺ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኚዋለሽ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በግሪንዊች ነው የሚያስቀምጠው፣ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፤ የእኛ ልዩነት 3 ሰዓት ስለሆነ በሐበሻም በፈረንጅም አቆጣጠር የማይገኝ ሰዓት ይወጣል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፒችትሪ ላይ ከቆየሽ ቀኑም ይሳሳትብሻል። ሚንትን በአንድ የተርሚናል ትእዛዝ የማሽኑን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ትእዛዟን ወንድምሽ ፈልጎ ይጻፍልሽ፤ ተርሚናል ይወድ የለ?

ካሊውን ከተመኘ ደግሞ ቨርቹዋልቦክስ የሚባለውን፣ በማሽኑ ውስጥ ሌላ ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም ጭነሽለት እዚያ ውስጥ ይጫወትበት። ፍላሽና «ኢሬዝ ዲስክ» ይዞ ወደ ሱቁ ላፕቶፕ ከመጣ ግን ሻይ አጠጪውና መልሺው።